የሰብሳቢ ምርጫ ሲቆላለፍ እንዴት ይፈታል?

በ2015 የገና ዕለት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ዶሮው እየወጣ ሳለ፣ ዋሽንግተን ገና እኩለ ሌሊት ማለፉ ነበር። የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ያገኘው በዚያች ሰዓት ነው። ኬቨን ማካርቲ የተመረጡት በ15ኛው ዙር ነበር። ድምፅ መስጠት የተጀመረው ደግሞ ታኅሣሥ 25።

ያስቸገሯቸው ተቃዋሚዎቻቸው አይደሉም፤ የገዛ ፓርቲያቸው ሰዎች ናቸው። ሪፐብሊካኖቹ 222፣ ዴሞክራቶቹ 212 ነበሩ። ለማሸነፍ 218 ይበቃል። ነገር ግን 20 ያህል ሪፐብሊካኖች አሻፈረን አሉ። በመጀመሪያው ዙር ማካርቲ 203 ድምፅ ሲያገኙ የዴሞክራቶቹ ሃኪም ጄፍሪስ 212 አገኙ። ብዙ ሰው ያለው ወገን ትንሽ ድምፅ ይዞ ወጣ ማለት ነው። አፈ ጉባኤ ስለሌለ አባላቱ ቃለ መሐላ እንኳ መፈጸም አልቻሉም።

የዋሽንግተን ነገር አሳስቦኝ አይደለም ይህን የማነሣው። ጎጃም ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት የማያውቅ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ እድር ወይም የወላጅ ኮሚቴ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ጉዳቱም ቶሎ ይመጣል። ሰብሳቢ ካልተመረጠ ባንክ ሄዶ የሚፈርም የለም። ፈራሚ ከሌለ የማዳበሪያው ገንዘብ አይንቀሳቀስም። በቡሬና በወንበርማ በኩል በቆሎው ቀድሞ ይዘራል፤ ዝናቡ ደግሞ ጠቡ እስኪበርድ አይጠብቅም። ስለዚህ ቀጥሎ ያለው ጉባኤ ለሚመራ፣ ወይም ጉባኤ ውስጥ ተቀምጦ «ኧረ ምን ይሻላል?» ለሚል ሰው የተጻፈ ነው።

እርምጃ 1፦ ጠቡ የት እንዳለ ለዩ

ለምሳሌ ማኅበሩ 120 አባላት አሉት እንበል። 70ው ከላይኛው ጎጥ፣ 50ው ከታችኛው። ሁሉም ሰው «የላይኛውና የታችኛው ጎጥ ተጣላ» ይላል። ቁጥሩን ስታዩት ግን ሌላ ነው። የላይኛው ጎጥ ቢስማማ በ70 ድምፅ ያለቀለት ነገር ነበር። ያልሄደው ከ70ው ውስጥ 14ቱ ስላኮረፉ ነው። የቀረው 56 ነው፤ ከግማሽ በላይ ለመሆን ደግሞ 61 ያስፈልጋል። የሚነጋገሩት እንግዲህ 56ቱና 14ቱ ናቸው። ሽማግሌ ይዞ ወደ ታችኛው ጎጥ መሮጥ ጊዜ ማባከን ነው።

ያኮረፉትን አንድ በአንድ አነጋግሩ። «ለምን ትጠላዋለህ?» ብላችሁ አትጀምሩ። የድሮ የድንበር ክስ ይወጣና ይመሻል። «ምን ቢሆን ትመርጠዋለህ?» በሉ። መልሱ ሰዎቹን በሦስት ይከፍላቸዋል። አንዳንዱ ሰውየውን ነው የማይፈልገው። አንዳንዱ የሚፈልገው ነገር አለ፦ የግምጃ ቤቱ ቁልፍ፣ የኮሚቴ ቦታ፣ ያለፈው ዓመት ሒሳብ እንዲመረመር። ሦስተኛው ማኅበሩ ራሱ ባይኖር ደስ የሚለው ነው። ሦስተኛውን ለማሳመን ጉልበት አትጨርሱ፤ ያለ እሱ 61 እንዴት እንደሚሞላ አስቡ።

እዚህ ላይ አንድ የኛ አገር ችግር አለ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ሰው ተነሥቶ «አልመርጠውም» አይልም። «አያ እገሌማ ምን ይወጣላቸዋል፤ ያለፈውን ግምጃ ቤት የሚያውቅ ያውቃቸዋል» ብሎ ይቀመጣል። አዳራሹ ይስቃል፣ ቃለ ጉባኤ ያዡ «ድጋፍ» ብሎ ይጽፋል። ወርቁን ያልሰማ አስመራጭ 70 ድምፅ አለኝ ብሎ ገብቶ 56 ይዞ ይወጣል። ስለዚህ በሻይ ሰዓት ጠጋ ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ።

እርምጃ 2፦ ስም ከመጠራቱ በፊት ሥርዓቱን ጻፉ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። የእጩዎቹ ስም ከተጠራ በኋላ የምርጫ ሥርዓት ማውጣት አይቻልም። እያንዳንዱ ሐሳብ «ይሄ ለማን ይጠቅማል?» ተብሎ ነው የሚመዘነው። ስም ሳይነሣ በፊት ግን ሁሉም ሰው ፍትሐዊ ነው።

መተዳደሪያ ደንባችሁን አውጡና አራት ነገር ፈልጉ። ደንቡ ዝም ካለ ጉባኤው ይወስን፣ ቃለ ጉባኤ ላይም ይስፈር።

መጀመሪያ ግማሹ የሚቆጠረው ከምን ነው? ከጠቅላላው አባል ነው ወይስ ከተገኘው? የኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 59 ላይ የተወካዮች ምክር ቤት ውሳኔ በተገኙና ድምፅ በሰጡ አባላት አብላጫ ድምፅ እንደሚያልፍ ይደነግጋል። በእድር ግን ብዙ ጊዜ ማንም አይጠይቅም፤ ከቆጠራው በኋላ ነው ጭቅጭቁ የሚነሣው። ኅብረት ሥራ ማኅበር ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው ያለው። ብዙ አክሲዮን ያለው ሰው ብዙ እጅ አያወጣም።

ሁለተኛ፣ ድምፁ በግልጽ ነው በምስጢር? ወደዚህ እመለሳለሁ።

ሦስተኛ፣ በየዙሩ ማን ይወጣል? ዋናው ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። በአሜሪካው ምክር ቤት ማንም አይወጣም። ያው ሰው በ1ኛውም በ14ኛውም ዙር መቆም ይችላል፣ ያኮረፈውም እንደ አኮረፈ ይቆያል። እንግሊዞቹ ሌላ መንገድ አላቸው። ድምፁ በምስጢር ይሰጣል፣ በየዙሩ ዝቅተኛ ድምፅ ያገኘው ይሰናበታል፣ ከ5 በመቶ በታች ያገኘም አብሮት ይወጣል። በፈረንጆቹ 2019 ሰባት ሰው ተወዳድሮ ሊንዚ ሆይል በ4ኛው ዙር በዚያው ዕለት አፈ ጉባኤ ሆነው ተመረጡ። ልዩነቱ የሰዎቹ ጨዋነት አይመስለኝም። እንግሊዞቹም ሲጣሉ ጉድ ናቸው፤ ሥርዓታቸው ግን በየዙሩ አንድ በር ይዘጋል።

አራተኛ፣ ሁሉም ቢያቅትስ? «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባል የለ። «በሦስት ዙር ከግማሽ በላይ የሚያገኝ ከጠፋ፣ በአራተኛው ከሁሉም የበለጠ ድምፅ ያገኘ ይመረጣል» ብላችሁ ጻፉ። አሜሪካኖቹ ይህን በመከራ ነው የተማሩት። በፈረንጆቹ 1855 መጨረሻ ላይ አፈ ጉባኤ ለመምረጥ ተሰበሰቡና ሁለት ወር ፈጀባቸው። ባርነት አገሩን እየከፈለ ነበር፣ ፓርቲዎቹም እየፈረሱ። በመጨረሻ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ይመረጥ ብለው ተስማሙ፤ ናትናኤል ባንክስ በ133ኛው ዙር 103 ለ100 አለፉ። መውጫውን መጀመሪያ ቢጽፉት ኖሮ ያ ሁሉ ዙር ባልታየ ነበር።

እርምጃ 3፦ ጊዜያዊ መሪ አስቀምጡ

እጩ ያልሆነ፣ የእጩ ዘመድም ያልሆነ ሰው ይሁን። ሥራው ምርጫውን መምራት ብቻ ነው። መስከረም 22 ቀን 2016 ማካርቲ ከአፈ ጉባኤነት ሲነሡ ፓትሪክ ማክሄንሪ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው 22 ቀን ቆዩ፤ በዋናነት የሠሩት ግን ምርጫ ማስኬድ ነው። ለእናንተ የሚጨመር አንድ ነገር አለ፦ እስከ ርክክቡ ድረስ ባንክ የሚፈርሙት የድሮዎቹ ፈራሚዎች መሆናቸውን፣ ምን ያህልና ለምን ሊያወጡ እንደሚችሉ ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሩ። ማዳበሪያው ከምርጫው ጋር አብሮ መታገት የለበትም።

እርምጃ 4፦ ድምፁን በምስጢር ስጡ

እጅ በማውጣት የተመረጠ ብዙ ሰብሳቢ አይቻለሁ። እጆቹን ልብ ብላችሁ እዩዋቸው። አንዱ ክርኑን ጉልበቱ ላይ እንዳስደገፈ ጣቱን ብቻ ያነሣል። ሌላው አማቹን ያይና ያነሣል፣ አማቹ ሲያወርድ ያወርዳል። ቆጣሪው 58 ይላል፣ ከኋላ «62 ነው!» የሚል ይነሣል። እንደገና ሲቆጠር 60 ይሆናል።

ማንበብ የማይችል አባል ካለ ወረቀት አያስፈልግም። ለአንዱ እጩ ባቄላ፣ ለሌላው በቆሎ መድቡ። እያንዳንዱ አባል ከሁለቱም አንድ አንድ ፍሬ ይያዝ። ከመጋረጃ ጀርባ ገብቶ የፈለገውን አፉ ጠባብ በሆነ እንስራ ውስጥ ይክተት፤ የተረፈውን ሲወጣ ሌላ ከረጢት ውስጥ ይጣል፣ ማንም እጁን እንዳያይ። ከዚያ እንስራው ሰው ፊት ሰፌድ ላይ ይገልበጥና አሥር አሥር እየተደረገ ይቆጠር። ከእያንዳንዱ ወገን አንድ ታዛቢ አጠገቡ ይቀመጥ። በዚህ ላይ የሚጨቃጨቅ እምብዛም አይገኝም። ሦስት እጩ ከሆነ ሽንብራ ጨምሩ።

እርምጃ 5፦ በዙሮቹ መካከል ተደራደሩ፣ ግን የምትሰጡትን እወቁ

ምንም ሳይለወጥ ድምፁን መድገም ሰውን ማናደድ ነው። ከማካርቲ በኋላ ለአፈ ጉባኤነት የታጩት ሪፐብሊካኑ ጂም ጆርዳን በጥቅምት 2016 ሞክረውታል፦ መጀመሪያ 200፣ ቀጥሎ 199፣ ከዚያ 194። በየዙሩ እየቀነሰ ለሚሄድ እጩ «ጋሼ፣ ይበቃል» የሚለው ወዳጁ መሆን አለበት፤ ከተቃዋሚው አፍ ሲወጣ ስድብ ነው። የጆርዳን ፓርቲ ከ3ኛው ዙር በኋላ በምስጢር ድምፅ ሰጥቶ ተዋቸው። በግልጽ የደገፏቸው ሰዎች በምስጢር ሲሆን የት እንደገቡ እናንተው አስቡት።

አሁን ወደ ድርድሩ። የቁጥጥር ኮሚቴ ቦታ ስጡ፣ ሒሳቡ ይመርመር፣ ማዳበሪያ የሚከፋፈልበት ቀን በጉባኤ ይወሰን። እነዚህ ማኅበሩንም ይጠቅማሉ። የማይሰጥ ነገር ደግሞ አለ። ማካርቲ ወንበሩን ለማግኘት ሲሉ አንድ አባል ብቻውን ተነሥቶ «ይውረዱልኝ» ብሎ ድምፅ እንዲያስጠይቅ ፈቀዱ። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ እንደሚባለው ሆነ። ዘጠኝ ወር አልሞላም፤ በዚያው በር 8 ሪፐብሊካኖች ከዴሞክራቶቹ ጋር ሆነው 216 ለ210 አወረዷቸው። ማውረድ ይቻል፣ ግን የአባላቱ አንድ ሦስተኛ ፈርሞ ይጠይቅ። የተስማማችሁበትን ሁሉ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ጠላ ቤት የተሰጠ ቃል ጠላ ቤት ይቀራል።

ለኩሩ ሰው አንድ መሸሸጊያ ተዉለት። «መርጬዋለሁ» ማለት የሚከብደው ድምፀ ተአቅቦ ያድርግ። ቆጠራችሁ ከተሰጠው ድምፅ ከሆነ ተአቅቦው መጠኑን ዝቅ ያደርገዋል። ማካርቲ በመጨረሻ ያለፉት በ216 ነው፤ 218 አልሞላም። ስድስት አስቸጋሪዎች «አለሁ» ብቻ ብለው ስለተቀመጡ በቃ።

እርምጃ 6፦ ካልሆነ ሦስተኛ ሰው ፈልጉ

ማካርቲ ከወረዱ በኋላ ፓርቲው ስቲቭ ስካሊስን 113 ለ99 አጨ፤ በማግስቱ ተዉት። ጆርዳን ወደቁ። ቶም ኤመር በታጩበት ቀን ራሳቸውን አገለሉ። በመጨረሻ ብዙ ሰው የማያውቃቸው ማይክ ጆንሰን ጥቅምት 14 ቀን በ220 ድምፅ አለፉ። ጠላት ለማፍራት ጊዜ ያላገኘ ሰው ያሸንፋል።

እኔ ግን ሦስተኛ ሰው ላይ እጠነቀቃለሁ። ዝምተኛ ስለሆነ ብቻ የተመረጠ ሰብሳቢ ወረዳ ቢሮ ሲሄድም ዝም ይላል። ከመታጨቱ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ባለፈው ዓመት ስንት ስብሰባ ተገኝተሃል? ሁለቱ ጎጦች ማዳበሪያ ላይ ቢጣሉ መጀመሪያ ማንን ታነጋግራለህ? ሁለተኛውን ሳያስብ የሚመልስ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ።

እርምጃ 7፦ በዚያው ቀን ጨርሱ

ውጤቱ እንደተነገረ ቃለ ጉባኤው ይነበብ፣ ይፈረም። ማኅተሙ፣ የግምጃ ቤቱ ቁልፍና የባንክ ደብተሩ ሰው ፊት በዝርዝር ይቆጠሩና ይረከቡ። የተሸነፈው እጩ ከምስክሮቹ አንዱ ሆኖ ይፈርም፤ እንቢ ካለ እንቢ ማለቱ ይጻፍ። ለባንኩ የፈራሚ ለውጥ ደብዳቤም እዚያው ተጽፎ ማኅተም ይረፍበት። አዲሶቹ ፈራሚዎች መታወቂያቸውን ይዘው ሰኞ ጠዋት ባንኩ ሲከፈት ይድረሱ።