ኮሶ ሲይዘን የምንሰራቸው ስህተቶች

የዛሬ ሁለት አመት በፋሲካ አዘዞ አክስቴ ቤት ቁርጥ በደንብ በልተን ሶስት ወር ገደማ ቆይቶ ልብሴ ላይ ነጭ ጠፍጣፋ ነገር አየሁ፣ ልክ እንደ ፓስታ ቁራጭ፣ ይንቀሳቀሳል! ደንግጬ ለአክስቴ ስነግራት "ኮሶ ነዋ፣ ምን ይሆናል ብለሽ ነው፣ ነገ ጠዋት ትጠጫለሽ" አለችኝ በቃ። ጠጣሁ። ከዛ ወዲህ ስለዚህ ትል ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፣ እኔ የሰራሁትን ስህተት ጎንደር ውስጥ ብዙ ሰው ሲሰራው ስለማይ ነው የምጽፈው።

ትልቁ ስህተት ኮሶን (መድሃኒቱም እንደ ትሉ ኮሶ ነው የሚባለው) በአይን ገምቶ መጠጣት ነው። አክስቴ ከገበያ ያመጣችውን የደረቀ አበባ ወቅጣ በውሃ በጥብጣ አንድ ዋንጫ ሙሉ ሰጠችኝ፣ "እኛ ያደግነው በሱ ነው፣ ጠጪው" እያለች፣ እየተናነቀኝ ጨረስኩት። ከዛ ትውከት፣ ማዞር፣ ቁርጠት፣ ማታ ላይ ደግሞ አይኔ ብዥ አለ። ጤና ጣቢያ ስሄድ ነርሷ "ምን ያህል ነው የጠጣሽው?" ብትለኝ አንድ ዋንጫ ከማለት ውጪ መልስ የለኝም፣ ዋንጫው ውስጥ ስንት መድሃኒት እንዳለ ማን ያውቃል። ኮሶ ከመጠን ሲያልፍ የአይን ነርቭ ጎድቶ ሰው እስከማሳወር እንደሚደርስ እዚሁ አገር የሰሩ ሀኪሞች ጽፈውታል፣ እኔ አይኔ በማግስቱ ተመለሰ፣ ተመስገን። ነፍሰ ጡር ደግሞ ጭራሽ እንዳትነካው፣ ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል።

ኮሶን ንቄ አይደለም። ትል የሚያስወጣ እውነተኛ መድሃኒት ነው፣ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የመጣውና እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ግቢ ያስተናገደችው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ ዛፉ ጽፎ ላውሮፓ አስተዋውቆታል፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እነሱም ለኮሶ ትል ይጠቀሙበት ነበር። የኛ የድሮ ሰዎች በየሁለት ወሩ መጠጣታቸውም በጣም ይገርመኛል። ትሉ ጭንቅላቱ ላይ አራት መምጠጫ አለው፣ በመምጠጫዎቹ አንጀት ላይ ይጣበቃል፣ ሜትሮች የሚረዝመው አካሉ ተበጥሶ ቢወጣ እንኳ ጭንቅላቱ ከቀረ በሁለት ሶስት ወር እንደገና ያድጋል። ልማዱ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፣ ማይክሮስኮፕ ሳይኖር ቀኑን ቆጥረውታል።

ሌላው ፋርማሲ ሄዶ "የትል ኪኒን ስጡኝ" ማለት ነው። አልቤንዳዞል ለወስፋት ጥሩ ነው፣ ለኮሶ ግን የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። ለኮሶ የሚሰጡት ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ ናቸው፣ ብዙውን ጊዜ አንዴ ተወስደው ያልቃሉ፣ መጠኑን ባለሙያ ይወስን። እና እነዚህን ወስዶ ትሉ ሲወጣ ስላላየ አልሰራልኝም ብሎ ተመልሶ ኮሶ የሚጠጣ ሰው አውቃለሁ። መድሃኒቱ ትሉን ሊሰባብረው ስለሚችል ሙሉውን ላታዩት ትችላላችሁ፣ ጥርጣሬ ካለ ከተወሰኑ ወራት በኋላ ሰገራ ማስመርመር ነው።

ምርመራ ካነሳን፣ የወጣውን ቁራጭ አፍሮ መጣልም ስህተት ነው። እንቁላሉ በየቀኑ ሰገራ ላይ ላይታይ ይችላል፣ ላብራቶሪው "የለም" ሊል ይችላል። ቁራጩን በንጹህ ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፣ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

አረቄ ይገድለዋል፣ ሚጥሚጣና አዋዜ ያቃጥለዋል፣ ይሄን ያልሰማ የለም መቼም። አይገድለውም። የትሉ እጭ (ገና ያላደገው ትል) ሥጋው ውስጥ በከረጢት ተሸፍኖ ነው ያለው፣ ለብለብ ክትፎም አስተማማኝ አይደለም፣ በደንብ መብሰል አለበት። ጥሬ ካልበላሁ የሚል ደግሞ ሥጋውን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ሳምንት ሙሉ ያቆየው። ሥጋው ተመርምሯል ማለትም ሙሉ ዋስትና አይሆንም፣ ጥቂት ከሆኑ ከመርማሪው አይን ያመልጣሉ።

እኔን ከሁሉም የሚያሳዝነኝ በሬውን መውቀሳችን ነው። ይሄ ትል አድጎ እንቁላል የሚጥለው ሰው አንጀት ውስጥ ብቻ ነው፣ በሬው የሚይዘው ከኛ ነው፣ ሜዳ ላይ ስንጸዳዳ እንቁላሉ ሳሩ ላይ ወራት ሊቆይ ይችላል። ከአክስቴ ቤት ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ከብት ይግጣል፣ እረኞቹም እዛው ነበር የሚጸዳዱት፣ ይሄን ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ፣ ዘንድሮ ከጎረቤት ጋር ተዋጥተው ለልጆቹ ሽንት ቤት አስቆፍረውላቸዋል።