ቤታው አልበላ ሲል፦ ለድሬና ለሐረር ቤቶች

ቤታ ዓሣ (ቤት ውስጥ በመስታወት ገንዳ የሚያዝ ትንሽ ዓሣ) ምግብ ሲያቆም ብዙ ሰው ቀድሞ የሚቀይረው ምግቡን ነው። ቀድሞ መታየት ያለበት ግን ውሃው ነው። ጤነኛ የሆነ ትልቅ ቤታ ሳይበላ ከሳምንት በላይ ይቆያል፣ ረሃቡ ቶሎ አይጥለውም። ቶሎ የሚጥለው «ምናልባት ይህን ይበላ ይሆናል» እየተባለ የሚጨመርለትና ታች ወርዶ የሚበሰብሰው ምግብ ነው። ስለዚህ እምቢ ባለ ቀን ምግቡን አቁሙና ቴርሞሜትሩን አንብቡ።

ለቤታ የሚስማማው ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ነው። ከ22 በታች ሲወርድ ሆዱ መፍጨት ያዘግማል፣ ዓሣው ታች ተኝቶ ይውላል፣ ምግብ አፍንጫው ሥር ቢወድቅም አይነሳም። ሐረር ላይ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ይኸው ብርድ ነው። ከተማዋ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ቀን ደህና የነበረው ውሃ ሌሊት ይወርዳል፣ ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ይብሳል። ቀትር ላይ ለክታችሁ «ሙቀቱ ልክ ነው» አትበሉ፤ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ለኩ። ለ20 ሊትር አኳሪየም 50 ዋት ማሞቂያ ይበቃል። ውሃ ስትቀይሩ መጀመሪያ ማሞቂያውን ከሶኬት ንቀሉ፤ ከውሃ ውጭ ከጋለ መስታወቱ ይሰነጠቃል። መብራት ሲጠፋ ጎንና ጎኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፣ አናቱን ግን አትድፈኑ። ቤታ በስንጥቡ ብቻ አይተነፍስም፤ ወደ ላይ እየወጣ አየር ይስባል።

ድሬዳዋ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የሚበዛው ችግር የተረፈ ምግብ በሙቀት ፈጥኖ መበስበሱ ነው። ከብስባሹ የሚወጣው አሞኒያ በሞቀና የፒኤች መጠኑ (የአሲድነቱና የአልካሊነቱ ልክ) ከፍ ባለ ውሃ ውስጥ መርዝነቱ ይጨምራል፣ የድሬ የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ጠጣር (ማዕድን የበዛበት) ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ምስክር ነው። ጠጣርነቱን ራሱን ቤታ ይለምደዋል፣ በሎሚ ላስተካክል አትበሉ። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ውሃው 31 ዲግሪ ካለፈ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ የቀዘቀዘ በረዶ ከላይ አንሳፍፉና በሰዓት ከአንድ ዲግሪ በላይ እንዳይወርድ እያያችሁ አውጡት።

የውሃ መመርመሪያ መለኪያ ካላችሁ አሞኒያም ናይትራይትም (ባክቴሪያ አሞኒያን ሲለውጥ የሚፈጠረው ሌላ መርዝ) ዜሮ መሆን አለባቸው። መለኪያ ከሌላችሁ ለሦስት ቀን በየቀኑ ሲሶውን ቀይሩ፤ ከ10 ሊትር ሦስት ሊትር ማለት ነው። አዲሱን ውሃ አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ 24 ሰዓት አቆዩት፣ ክሎሪኑ ይተናል። በነጠላ ጨርቅ ሸፍኑት፣ ትንኝ እንዳይጥልበት። ሐረር ላይ ከፔርሙዝ ፍል ውሃ ባልዲው ውስጥ እየቀላቀላችሁ ሙቀቱን አስተካክሉ፤ አኳሪየሙ ውስጥ በቀጥታ አትጨምሩ። የፊልተሩን ስፖንጅ ከአኳሪየሙ በወጣው አሮጌ ውሃ ብቻ እጠቡ። ሁሉን አውጥቶ በኦሞና በበረኪና መፈተግ አሞኒያን የሚያከሽፉትን ባክቴሪያዎች ይጨርሳል፣ ተመልሰው ለመጎልበት አራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ ፍሊት። የተነፋው መድኃኒት ቤታው አየር የሚስብበት የውሃው ፊት ላይ ይወርዳል። ከመነፋቱ በፊት አኳሪየሙን ወደ ሌላ ክፍል አውጡ። የዕጣን ማጨሻውንም አጠገቡ አታስቀምጡ።

ውሃው ከተስተካከለ በኋላ ነው ወደ ምግቡ የሚመጣው። ከተገዛ ሦስት እስከ አምስት ቀን ያልሞላው ዓሣ ፈርቶ ነው፤ ብርሃኑን ቀንሱለት፣ መሸሸጊያ ቅጠል አስገቡለት። ለሌላው እንዲህ ሞክሩ፦ ፊልተሩን አጥፉ፣ አንድ ሚሊሜትር የምታህል አንዲት የምግብ ፍሬ ብቻ ፊቱ ጣሉ፣ በስቴኪኒ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ አንቀሳቅሷት። ቤታ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው የሚያድነው። ጎርሶ ተፍቶ ደግሞ ከጎረሰ እያለሰለሰ ነው፣ ተዉት። ተፍቶ ፊቱን ካዞረ ፍሬዋ ትልቅ ናት ወይም ምግቡ ከርሟል፤ ግማሽ አድርጉና በተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ጭማቂ ነክራችሁ ድገሙ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያልተበላውን በስሪንጅ ሳቡት። የተከፈተ ምግብ በድሬ ሙቀት መደርደሪያ ላይ ቶሎ ይበላሻል፤ ክዳኑን አጥብቃችሁ ፍሪጅ አስገቡት። እንጀራና ዳቦ አይሆኑም፤ ቤታ ሥጋ በል ነው።

የትንኝ እጭ ይወዳል፣ እውነት ነው። ቤት ውስጥ ማርባት ግን አይገባም። ድሬዳዋ በ2013 እ.ኤ.አ. ዴንጊ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ በከተማ ውሃ ማጠራቀሚያ በሚራባ ትንኝ የተነሳ የወባ ወረርሽኝ ያየች ከተማ ናት። በርሜል ውስጥ ካገኛችሁ በሻይ ማጥለያ አንድም ሳታስቀሩ ልቀሙ፣ አጥባችሁ ለዓሣው ስጡ፣ በርሜሉን ክደኑ። የእጭ ማጥፊያ ከተጨመረበት ውሃ የወጣውን ግን አትስጡ።

ሆዱ አብጦ አልጸዳ ካለ ሁለት ሦስት ቀን ምንም አትስጡት፣ ውሃውን 27 ላይ አቆዩ። ካልተሻለው በ4 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ማግኒዚየም ሰልፌት (ኤፕሶም ጨው) አሟሙታችሁ ዓሣውን በሌላ ዕቃ እዚያ ውስጥ 15 ደቂቃ አቆዩት፤ የወጥ ጨው አይተካውም። ቅርፊቱ ከላይ ሲታይ እንደ ጥድ ፍሬ ከቆመ ግን ድርቀት አይደለም፤ ሰውነቱ ውሃ ቋጥሯል፣ የመዳን ዕድሉም ጠባብ ነው። ነጭ ነጠብጣብ ወይም በባትሪ ብርሃን የወርቅ ብናኝ የመሰለ ነገር ካያችሁ ደግሞ ጥገኛ ተሕዋስ ስለሆነ የዓሣ መድኃኒት ያስፈልገዋል።

መብላት ሲጀምር እንደ ራበው ሰው አታጥግቡት። ሆዱ ዓይኑን ቢያህል ነው። በመጀመሪያው ቀን አንዲት ፍሬ፣ በማግስቱ ጠዋትና ማታ አንዳንድ፣ ከአራተኛው ቀን ጀምሮ በአንድ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ስጡት፣ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ አስጹሙት።