ውሻ ይዞ የበረዶ ናዳ ወዳለበት ተራራ መውጣት፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ኮሎራዶ ውስጥ አብዛኛው የስኪ (በረዶ ላይ መንሸራተቻ) ሪዞርት ውሻ አያስገባም። ስለዚህ ከውሻው መለየት የማይፈልግ ሰው ከሪዞርት ውጭ፣ በርተድ ፓስ ወይም ላቭላንድ ፓስ በሚባሉት የተራራ መተላለፊያዎች አካባቢ፣ በራሱ እግር ወጥቶ ይንሸራተታል። ዴንቨርና አውሮራ ለምንኖር ሀበሾች እነዚህ ቦታዎች ቅርብ ናቸው። ግን ልዩነት አለ። ሪዞርት ውስጥ ሠራተኞቹ ሰው ከመግባቱ በፊት አደገኛውን በረዶ በፈንጂ ያወርዱታል። ከሪዞርት ውጭ፣ አውራ ጎዳናውን ለመጠበቅ ካልሆነ በቀር፣ ይህን የሚያደርግላችሁ የለም።

የኮሎራዶ በረዶ ደግሞ ክፉ ጠባይ አለው። በበረዶው ወቅት መጀመሪያ የሚወርደው ስስ በረዶ በብርዱ ምክንያት መሬቱ ላይ እንደ ስኳር ልቅ ፍሬ ይሆናል። በላዩ ከባድ በረዶ ሲጫንበት መሸከም ያቅተዋል። እ.ኤ.አ. ከ1950 ወዲህ በዚህ ግዛት የበረዶ ናዳን ያህል ሰው የገደለ የተፈጥሮ አደጋ የለም።

«ውሻው ቀላል ነው፣ ናዳ አያስነሳም» ማለት

ክብደቱን ብቻ ካሰብን እውነትነት አለው። ውሻ ናዳ የማስነሳት ዕድሉ ከሰው ያንሳል፤ ጨርሶ አያስነሳም ማለት ግን አይደለም። ዋናው ችግር ሩጫው ነው።

አደገኛ ተዳፋት ላይ ደንቡ የታወቀ ነው። አንድ ሰው ብቻ ያልፋል። ሌላው ናዳው በማይደርስበት ቦታ ቆሞ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ይጠብቃል። ሰው ከያዙት ናዳዎች አብዛኞቹን የሚያስነሳው ራሱ ተጎጂው ወይም አብሮት ያለ ሰው ነውና። ውሻ ይህን ደንብ አያውቅም። መጀመሪያ ከሚወርደው ሰው ጋር ይሮጣል። መሃል ላይ ሲደርስ ከላይ የቀረው ጌታው ትዝ ይለውና ይመለሳል። ጥልቁ በረዶ ሲይዘው ቆሞ ይጮኻል። ጌታው ሆዱ አይችልም፤ ከቆመበት ወጥቶ ሊያመጣው ይሄዳል። አሁን ሁለት ሰውና አንድ ውሻ በአንድ ጊዜ ተዳፋቱ ላይ ናቸው። እኔ ከሁሉ በላይ የምፈራው ይህችን ቅጽበት ነው።

«ቁጭ በል» ሲባል የሚቀመጥ ውሻም አያስተማምንም። ሳሎን ውስጥ የሚታዘዝ ውሻ ጌታው በፍጥነት ቁልቁል እየራቀው ሲያይ አይታዘዝም።

የራስን መንገድ ብቻ ማየት

አብዛኛው አደገኛ ናዳ የሚነሳው ቁልቁለቱ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሆነ ቦታ ነው። ጠንቃቃ ሰው ከ30 ዲግሪ በታች የሆነ መንገድ ይመርጣል። ጥሩ ነው። ውሻው ግን ካርታ አላየም። የጥንቸል ሽታ ከሳበው ከበላያችሁ ወዳለው 37 ዲግሪ ተዳፋት ይወጣል፤ እናንተ ከሥሩ ናችሁ። ስለዚህ ከውሻ ጋር ሲሆን የምትረግጡት ቦታ ለጥ ያለ መሆኑ አይበቃም። በላዩና በግራ ቀኙ ያለውም ለጥ ያለ መሆን አለበት።

ይህ የስኪ ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይምሰላችሁ። ጃንዋሪ 8 ቀን 2022 ሁዠር ፓስ አጠገብ ሁለት ሰዎች የበረዶ መራመጃ ጫማ አድርገው ከውሻቸው ጋር ወጡ። ናዳ መጣ፤ ሦስቱም ሞቱ።

ለውሻው ቢከን ማሰር

ይህ ከፍቅር የሚመጣ ስህተት ስለሆነ ለማስረዳት ይከብዳል። ቢከን ደረት ላይ የሚታሰር ምልክት ማሰራጫ ነው። ሁሉም የሚሠራው በ457 ኪሎኸርዝ ነው። ሰው ሲቀበር ጓደኞቹ የራሳቸውን ቢከን ወደ መፈለጊያ ቀይረው ምልክቱን ይከተላሉ። ቢከኑ ርቀትና አቅጣጫ ያሳያል። ከበረዶው ሥር ያለው ሰው ይሁን ውሻ ግን አይናገርም።

አሁን አስቡት። አንዲት ሴትና ውሻዋ አብረው ተቀብረዋል። ፈላጊው አንድ ነው። የቀረበው ምልክት የውሻው ነው። ናዳው ሲቆም በረዶው ወዲያው ይጠነክራል፤ በእጅ አይቆፈርም፣ በአካፋም ቢሆን አንድ ሜትር ለመቆፈር ብዙ ደቂቃ ይፈጃል። የተቀበረ ሰው የመትረፍ ዕድሉ ከፍተኛ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ከ10 እስከ 15 ደቂቃዎች ነው፤ ከዚያ በኋላ ቶሎ ያሽቆለቁላል። ያ ሰውዬ ቆፍሮ ቆፍሮ ጭራ ሲያገኝ ጊዜው አልቋል። ቢከን የሰው ነው። ውሻችሁ ያለ ቢከን መሄዱ ካስጨነቃችሁ፣ ቦታው ለውሻ የሚሆን አይደለም ማለት ነው።

«ብቀበር ውሻዬ ያወጣኛል» ብሎ መተማመን

ሰው ከናዳ ሥር የሚያወጡ ውሾች አሉ፤ ሥራቸውም ድንቅ ነው። ግን ለረጅም ጊዜ በባለሙያ የሠለጠኑ ናቸው። የቤት ውሻ እንዲያውም አብሮ ሊቀበር ይችላል። በ2011 መጨረሻ ሞንታና ውስጥ፣ ኩክ ሲቲ አጠገብ፣ አንድ ሰው በናዳ ሞተ። ውሻውም ሞቷል ተብሎ ነበር። ከአራት ቀን በኋላ ቤተሰቡ አርፎበት የነበረው ሞቴል በር ላይ ተገኘ። ውሻው ተረፈ፤ ጌታውን ግን ማውጣት አልቻለም።

የስኪውን ጠርዝ መርሳት

ከናዳው ይልቅ በየጊዜው የሚያጋጥመው ይህ ነው። የስኪው የብረት ጠርዝ ስለት ነው። ውሻ ደግሞ ጥልቅ በረዶ ሲያስቸግረው እናንተ በከፈታችሁት መስመር፣ ተረከዛችሁ ሥር ነው የሚሮጠው። ድንገት ስትዞሩ ወይም ስትቆሙ ጠርዙ እግሩን ያገኘዋል። የሚቆረጠው ቆዳው ብቻ አይደለም፤ ከቁርጭምጭሚቱ በላይና ከመዳፉ ጀርባ ያለው ጅማት ለቆዳው ቅርብ ነው። ጅማቱ ከተበጠሰ ቀዶ ሕክምናና የብዙ ሳምንት እረፍት ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ሰው ቀድሞ ይውረድና ይቁም፤ ውሻው በሌላ ሰው ተይዞ ቆይቶ ኋላ ይለቀቅ። ከተቆረጠ ንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ጫኑበት፣ ጠቅልሉት፣ በእግሩ አታስኬዱት። 30 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ተሸክሞ መውረድ ቀልድ አይደለም። መሸከሚያ ማንገቻ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር።

ጥቃቅኑን በአጭሩ። በጣቶቹ መሃል በረዶ እየተጠቀለለ ስለሚያሳምመው ጫማ አድርጉለት ወይም የመዳፍ ሰም ቀቡት። ውኃ ስጡት፤ በረዶ መላሱ አይበቃውም። ኢንዲያን ፒክስ የሚባለው ጥብቅ ቦታ ውሻ ያለ ገመድ አይፈቀድም፤ የዱር እንስሳ ማባረርም በኮሎራዶ ሕግ ያስቀጣል።

ጓደኛን ሳይጠይቁ ውሻ ይዞ መምጣት

መኪና ማቆሚያው ላይ ውሻውን ከኋላ ወንበር ማስወረድና «ችግር የለም አይደል?» ማለት ጥያቄ አይደለም። ይሉኝታ ይዞት እምቢ የሚል የለም። ከአንድ ቀን በፊት ደውሉ። ሌላው ሰው አልፈልግም ካለ አትቀየሙት። ከተስማማችሁም ከባዱን ነገር ያኔውኑ ተነጋገሩ፦ ውሻው በናዳ ቢወሰድስ? የእኔ መልስ ይህ ነው። መጀመሪያ ሰው ሁሉ ይቆጠር። ከዚያ ከላይ ሳይወርድ የቀረ በረዶ አለ ወይ ተብሎ ይታይ። ካለ ማንም አይገባም። ከሌለ ቆፍሩ፤ ውሻም በሕይወት ይወጣል።

የኮሎራዶ የናዳ መረጃ ማዕከል በበረዶው ወቅት በየቀኑ ትንበያ ያወጣል። ከ5ቱ የአደጋ ደረጃዎች 3ኛው ወይም ከዚያ በላይ የታወጀበት ቀን ከሆነ፣ ወይም መንገዳችሁ ከ30 ዲግሪ በላይ የሆነ ተዳፋት የሚነካ ከሆነ፣ ውሻው ቤት ይቅር። በማግሥቱ ጫካ ውስጥ ባለው ለጥ ያለ መንገድ ይዛችሁት ውጡ።