ሊማሊሞ ሲወረድ፣ መተማ ሲገባ፦ ብሮንዚን በከፍተኛ ዙር ዘይት እንዳያጣ

ከጎንደር ወጥቶ ሩቅ መንገድ ላይ ያንኳኳ ሞተር ሲከፈት፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ተበልቶ የሚገኘው የቢዬላ ብሮንዚን ነው። ቢዬላ ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ (ከሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ) ጋር የሚያገናኘው ክንድ ነው፤ ብሮንዚን ደግሞ በዘንጉ ዙሪያ የሚገባው ስስ የብረት ሽፋን ነው። ዘይት ከፓምፑ ወጥቶ በፊልትሮ ካለፈ በኋላ መጀመሪያ የሚያገኘው የክራንክሻፍቱን ዋና ብሮንዚኖች ነው፤ ቢዬላው ጋ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ፣ በክራንክሻፍቱ ውስጥ በተበሱት ቀጫጭን ቀዳዳዎች በኩል ነው። ስለዚህ እጥረት ሲመጣ ቀድሞ የሚደርቀው እሱ ነው። ሸክሙም ከዙሩ (ሞተሩ በደቂቃ ከሚሽከረከረው) በላይ ያድጋል፦ ዙሩ እጥፍ ሲሆን የፒስተኑና የቢዬላው ጉተታ አራት እጥፍ ይሆናል።

ከመነሳታችሁ በፊት ሞተሩ ከጠፋ 5 ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ ዘይቱን ለኩ (ጎንደር ውስጥ ደልዳላ ቦታ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው)። «ለመንገድ ይሁን» ተብሎ ከላይኛው ምልክት በላይ የሚጨመረው ዘይት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ ክራንክሻፍቱ እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ አየር የተቀላቀለ ዘይት ደግሞ ብሮንዚኑን አይሸከምም። ዘይቱ ካነሰ በመታጠፊያና በፍሬን ጊዜ ወደ አንድ ጎን ይሸሽና ፓምፑ አየር ይስባል።

ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ያለውን የመሳቢያ ወንፊትም አትርሱ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ዘይቱን ወደ ፓምፑ የሚገፋው ደግሞ ይኸው ግፊት ነው። ወንፊቱ በግማሽ ከተደፈነ በዝግታ ሲሄድ ምንም አይታወቅም፣ ዙር ሲበዛ ግን ፓምፑ ይራባል። ትልቁ ደፋኝ ኮፓ ሲገጠም በገፍ የሚቀባው ማሸጊያ ሲሊኮን ነው። ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስመር ይበቃል።

ቀዩን የዘይት መብራት አትመኑት። በአብዛኛው መኪና ላይ የሚበራው ግፊቱ ከግማሽ ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) በታች ሲወርድ ነው፤ ለ3,000 ዙር ይህ እጅግ የዘገየ ማስጠንቀቂያ ነው። የመብራቱ ስዊች ከተገጠመበት ቀዳዳ ላይ በቲ መገጣጠሚያ እውነተኛ የግፊት ጌጅ ግጠሙ። የተለመደው መነሻ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ለእያንዳንዱ 1,000 ዙር 0.7 ባር ያህል ነው፤ የመኪናው መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ያዙ። መርፌው በከፍተኛ ዙር ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አየር እየተሳበ ነው። ሲቀዘቅዝ ደህና ሆኖ ሲሞቅ በሁሉም ዙር የሚወርድ ከሆነ ብሮንዚኑ ሰፍቷል ወይም ዘይቱ ቀጥኗል። ከተወሰነ ቁጥር በላይ አልወጣም ካለ ግን ትርፍ ግፊት የሚለቅቀው የፓምፑ ማስተንፈሻ ቫልቭ ሥራውን እየሠራ ነውና አትደንግጡ።

ለመተማ ሙቀት ብላችሁ ወፍራም ዘይት ለመጨመር አትቸኩሉ። ወፍራም ዘይት ጌጁን ከፍ ያደርጋል እንጂ በጠባብ ክፍተት የሚያልፈውን ዘይት ይቀንሳል፤ ከብሮንዚኑ ላይ ሙቀት የሚያነሳው ደግሞ የሚፈሰው ዘይት ነው። መመሪያው 15ደብልዩ-40 (የዘይት ውፍረት ደረጃ) ካለ እሱው ይሁን።

ከደባርቅ በኋላ ሊማሊሞ ሲወረድ ሌላ ጣጣ አለ። የናፍጣ ሞተር ገቨርነር (የዙር ተቆጣጣሪ) ነዳጅ ይቆርጣል እንጂ ጎማው ሞተሩን ሲገፋው ማስቆም አይችልም። በከባድ ማርሽ ውረዱ፣ ዙሩ በዙር መለኪያው ላይ ወደ ቀዩ መስመር ሳይጠጋ ግን በፍሬን ያዙት። ከሥር ማንኳኳት ከተሰማ እዚያው አጥፉ፤ ዓዲ አርቃይ እስክንደርስ ማለት ክራንክሻፍቱን መስዋዕት ማድረግ ነው።

አዲስ ብሮንዚን ሲገጠም ክፍተቱን በፕላስቲጌጅ (ሲጨፈለቅ በስፋቱ ክፍተቱን በሚያሳይ ስስ የፕላስቲክ ክር) ለኩ። ደረቅ አድርጋችሁ፣ ቡሎኑን በቶርክ ቁልፍ አጥብቁ፣ ክራንክሻፍቱን ግን አታዙሩ። ለ50 ሚሊ ሜትር ዘንግ 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው። ክራንክሻፍቱ 0.25 ሚሊ ሜትር ከተሞረደ ብሮንዚኑም ለዚያ የተሠራው ባለ 0.25 ይሁን። ከዋናው ብሮንዚን ሁለት ግማሾች ቀዳዳ ያለው በብሎኩ (በሞተሩ ዋና አካል) በኩል ይግባ፤ ተገላብጦ ከተገጠመ የዘይቱን መንገድ ይዘጋል። ከመዝጋታችሁ በፊት የክራንክሻፍቱን ቀዳዳዎች በነጭ ጋዝና በብሩሽ አጥባችሁ በኮምፕረሰር ንፉ፤ የሞረዳ ብናኝ እዚያ ይደበቃል። ከዚያ ነዳጁን ቆርጣችሁ ጌጁ እስኪነሳ ድረስ በስታርተር 10 ሰከንድ እያዞራችሁ፣ በመካከል እያረፋችሁ ቀጥሉ።

ዘይት ስትቀይሩ አሮጌውን ፊልትሮ ቀድዳችሁ ወረቀቱን ዘርጉ። ማግኔት የማይስበው ነሐስ መሳይ ቅንጣት ካለ ኮፓው ይውረድ። ብሮንዚን ብቻ ቀይሮ መዝጋትም አይበቃም፤ ዘንጉ ክብነቱን እንዳላጣ በማይክሮሜትር በሁለት አቅጣጫ ይለካ።