የግራሞፎን ሞላ ሲያስቸግር የምንሠራቸው ስህተቶች

ግራሞፎኑ ቆመ ማለት ሞላው ጉልበቱን ጨረሰ ማለት አይደለም። ግራሶው ደርቆ ወይም አንድ ጥርስ ተይዞ ሊቆም ይችላል፤ ሞላው ግን እንደተጠመዘዘ ነው። በዚህ ጊዜ የፍጥነት መቆጣጠሪያውን፣ ማለትም ሦስት ትንንሽ ክብደቶች የተንጠለጠሉበትን ዘንግ፣ መፍታት ከሁሉም የከፋ ስህተት ነው። ያን ሁሉ ጉልበት የያዘው እሱ ነውና ሲነሳ ማርሾቹ በአንዴ ይለቀቃሉ። ጣት መሐል ከገባ ጉዳቱ ከባድ ነው፤ ባይገባም ጥርሶቹ ይላጫሉ። ስለዚህ ካቻቪቴ ከማንሳትዎ በፊት ፍሬኑን ይልቀቁና ያለ ሸክላ እስኪቆም ይዙር። ከዚያ ሸክላው የሚቀመጥበትን ሳህን በሚዞርበት አቅጣጫ በእጅዎ እየገፉ የቀረችውን ያስጨርሱት።

ይህን አድርገውም የሞላውን ቤት ክዳን በችኮላ አይክፈቱ። የላላ ሞላም በቤቱ ውስጥ ተጨንቆ ነው የተቀመጠው፤ ጫፉ ካመለጠ ሌላው ተከትሎት ይፈናጠራል፣ ጠርዙም ይቆርጣል። ወፍራም የቆዳ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርጉ፤ ከመሐል ጀምረው አንድ አንድ ዙር እየያዙ ያውጡት።

«ከመጠን በላይ ስለጠመዘዝኩት ነው የቆመው» የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው። እስከ መጨረሻው የተጠመዘዘ ሞላ እኮ ጉልበቱ ሙሉ ነው! ካልሄደ የያዘው ሌላ ነገር አለ፦ ያልተለቀቀ ፍሬን፣ የረጋ ዘይት ወይም የተጣመመ የመቆጣጠሪያ ዘንግ።

ዘፈኑ እየሄደ ከሳጥኑ ውስጥ ድንገት «ዷ» የሚል ድምፅ ተሰምቶ ሳህኑ ከተንገጫገጨ የሞላው ግራሶ ደርቋል ማለት ነው። ዙሮቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ይቆዩና ባንድ ጊዜ ይላቀቃሉ። አንድ ጊዜ ያወጣሁት ሞላ በሬንጅ የተለሰነ ይመስል ነበር፤ ጥቁሩን በጥፍሬ ስጭረው እንደ ደረቀ ሰም ተፈረፈረ። እዚህ ላይ ዝገት ማስለቀቂያ ስፕሬይ መንፋት ያጓጓል። ድምፁ ለጊዜው ይጠፋል፣ ግን አሮጌው ቆሻሻ ከውስጥ አልወጣም፤ ስፕሬዩም ቶሎ ስለሚደርቅ ችግሩ ይመለሳል። ሞላውን አውጥቶ፣ ከእሳት ርቆ በላምባ ማጠብ፣ በጨርቅ ማድረቅና አዲስ ግራሶ በስሱ መቀባት እንጂ ሌላ አቋራጭ አላገኘሁለትም። ለመቆጣጠሪያው ዘንግ ግን ግራሶ አይሆንም። ጫፎቹ ላይ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ይበቃል፤ ፍጥነቱን የሚገታው ቆዳ ወይም ሱፍም ደርቆ እንዳይጮህ ትንሽ ዘይት ይፈልጋል።

ፍጥነትን ሸክላ ሳይጭኑ ማስተካከልም ያሳስታል፤ መርፌው ሸክላው ላይ ሲያርፍ ይጎትታልና። ከሸክላው ስር ቁራጭ ወረቀት አስወጥተው ያስቀምጡ፣ መርፌውን ያሳርፉ፣ ወረቀቷ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንዳለፈች ይቁጠሩ። ብዙዎቹ ሸክላዎች የሚፈልጉት 78 ዙር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ አጋማሽ በፊት የተቀዱት ግን ይለያያሉ።

ማኖቬላው፣ ማለትም ሞላውን የምንጠመዝዝበት እጀታ፣ ምንም ሳይከብድ ዝም ብሎ ከዞረ ወዲያው አዲስ ሞላ አይዘዙ። የውስጠኛው ጫፍ ከመንጠቆው ወጥቶ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እሱን በፒንሳ በጥቂቱ አጥፎ መመለስ ይቻላል። በእርግጥ ተሰብሮ ከሆነ የአሮጌውን ስፋት፣ ውፍረትና ርዝመት ይለኩ፤ የሁለቱን ጫፎች ቀዳዳ ቅርጽም ወረቀት ላይ ይሣሉ። ስፋቱ ትክክል ሆኖ ቀዳዳው የማይገጥም ሞላ መንጠቆውን አይዝም።