ያለ 9 ቁጥር መጫወት፦ 4-6-0 ሜዳ ላይ እንዴት እንደሚሠራ

ወረቀት ላይ 4-6-0 (አራት ተከላካይ፣ ስድስት አማካይ፣ 9 ቁጥር የሚባለው የመሃል አጥቂ ግን የለም) ተጽፎ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚለው «ይሄ አሰልጣኝ ፈርቷል» ነው። አንዳንዴ ልክ ነው። በኦክቶበር 2010 (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የስኮትላንዱ አሰልጣኝ ክሬግ ሌቪን ፕራግ ላይ ከቼክ ሪፐብሊክ ጋር ሲጫወቱ አንድም አጥቂ ሳያሰልፉ ገቡ። 1 ለ 0 ተሸነፉ፤ ግቧም ከማዕዘን ምት ተነሥታ በግንባር የገባች ነበረች። ከዚያ አምስት ዓመት በፊት ግን የጣሊያኑ ሮማ አሰልጣኝ ሉቺያኖ ስፓሌቲ አጥቂዎቻቸው በጉዳት ሲያልቁባቸው ቶቲን ብቻውን ፊት አቁመው እንደፈለገ ወደ ኋላ እንዲወርድ ፈቀዱለት። ሮማ በዚያው የውድድር ዘመን 11 የሴሪ አ (የጣሊያን ሊግ) ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸነፈ። በወረቀት ላይ ሁለቱም አጥቂ አልባ ናቸው። የለያያቸው፣ አጥቂው ትቶት በሚወርደው ቦታ ላይ ሮጦ የሚገባ ሰው መኖሩና አለመኖሩ ነው። አሰላለፉን መሞከር የፈለገ ሁሉ ሥራው ከዚያ ይጀምራል።

ለምን ይሠራል?

የመሃል ተከላካይ የሚይዘው ሰው ሲጠፋበት ይጨነቃል። ተከትሎት ቢወጣ ጀርባው ክፍት ይሆናል። ቢቀር ደግሞ መሃል ሜዳው ላይ ተጋጣሚ በአንድ ሰው ይበልጣቸዋል። ኖቬምበር 25 ቀን 1953 ዌምብሌይ ላይ ሀንጋሪ እንግሊዝን 6 ለ 3 ስትረታ፣ ናንዶር ሂደግኩቲ 9 ቁጥር ለብሶ ወደ አማካይ እየወረደ ተጫወተ። የእንግሊዙ ሃሪ ጆንስተን «ልከተለው ወይስ ልቅር» ሲል 90 ደቂቃው አለቀበት፤ ሂደግኩቲ ሦስት አስቆጠረ።

ሰው መምረጥ

አራቱ ተከላካዮች የተለመዱት ናቸው፤ ብቻ የመስመር ተከላካዮቹ ትንፋሽ ያላቸው ይሁኑ፣ የሜዳውን ስፋት የሚይዙት እነሱ ናቸውና። ከፊታቸው ሁለት የተከላካይ አማካዮች ይቁሙ፤ ቢያንስ አንዱ በመስመሮች መካከል ኳስ ሰንጥቆ የሚያቀብል መሆን አለበት። ቀሪዎቹ አራቱ ላይ ነው ነገሩ ያለው። አንዱ «ወራጁ» ነው፤ ጀርባው ለግብ ሆኖ በአንድ ንክኪ የሚያቀብል፣ ከተተወ ደግሞ ዞሮ የሚመታ። ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ ሯጮች ይሁኑ። ኳስ ጥበበኛ ሦስት ሰው ደርድሮ ሯጭ መርሳት ብዙ አሰልጣኝ የሚሳሳተው ስሕተት ነው። በስፓሌቲ ቡድን ቶቲ ሲወርድ ሲሞኔ ፔሮታ እየሮጠ ይገባ ነበር፤ ፔሮታ ባይኖር የቶቲ መውረድ ለዓይን ብቻ ያምር ነበር።

ርቀቱን መለካት

ወራጁ ከተጋጣሚ የመሃል ተከላካዮች ከ10 እስከ 15 ሜትር ርቆ፣ በእነሱና በተከላካይ አማካያቸው መካከል ይቁም። ከዚያ አልፎ እስከ መሃል ክቡ ድረስ ከወረደ ማንም አይከተለውም፤ ተከላካዮቹም እፎይ ይላሉ። ኳስ ሊቀበል ሲል በትከሻው ላይ አንድ ጊዜ ይመልከት፣ ሰውነቱንም በጎን ያዙር። ቀጥ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ ተጫዋች መዞር ሲፈልግ አንድ ትርፍ ንክኪ ይፈጅበታል፤ በዚያች ንክኪ ይቀማል።

ልምምዱ

ግማሽ ሜዳ ይጠቀሙ፤ ስፋቱን 40 ሜትር አካባቢ፣ የፍፁም ቅጣት ምት ክልሉን ያህል፣ ያድርጉት። ከተከላካዮቹ መስመር ፊት 12 ሜትር ስፋት ያለው ቀጠና በኮን ያስምሩ። ስድስት አጥቂ ወገን፣ አራት ተከላካይ፣ አንድ የተከላካይ አማካይና በረኛ ይበቃሉ።

አማካዩ ወደ ቀጠናው ለወረደው ተጫዋች ያቀብላል። ኳሷ ከአማካዩ እግር ስትለቅ ሯጩ በዝግታ ይነሣል፤ ወራጁ ሲነካት ያኔ በሙሉ ፍጥነት ይወጣል። ቀድሞ ከፈጠነ ከጨዋታ ውጪ ነው፤ ከዘገየ ተከላካዩ ጉድጓዱን ደፍኖታል። ወራጁ ፊቱን ወደ ግብ ላደረገ ሦስተኛ ሰው ይመልሳል፣ እሱም ለሯጩ ይሰነጥቃል። ሩጫው ቀጥታ አይሁን፤ ከውጪ ወደ ውስጥ በሰያፍ ይሁን።

መጀመሪያ ተከላካዮቹ ሳይጋፉ አምስት ደቂቃ ያለማምዷቸው። ከዚያ የመሃል ተከላካዩን ጠርተው በጆሮው «ተከተለው» ወይም «ተወው» ይበሉት፤ በየዙሩ ይለዋውጡ። ወራጁ ይህን ሳይነገረው ማንበብ አለበት፤ ከተከተሉት በአንድ ንክኪ፣ ከተዉት ዞሮ። እያንዳንዱ አራት ደቂቃ የሆነ አራት ዙር፣ በመካከሉ ሁለት ደቂቃ ዕረፍት ያድርጉ። ከዚያ በላይ ከገፉ ሩጫው ይቀዘቅዛል፣ የቀዘቀዘ ሩጫ ደግሞ መጥፎ ልማድ ያስተምራል።

የተሟላውን ለማየት ስፔን ከጣሊያን ጋር የተጫወተችበትን የ2012 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ይመልከቱ። 14ኛው ደቂቃ ላይ ኢኒዬስታ ሰነጠቀ፣ ፋብሪጋስ የጣሊያኑን ተከላካይ ኪዬሊኒን አልፎ እስከ መስመሩ ጥግ ደረሰና ወደ ኋላ መለሳት፣ አጭሩ ሲልቫ በግንባሩ አስገባት። 41ኛው ላይ ደግሞ ከግራ ተከላካይነት ተነሥቶ መሃሉን ሰንጥቆ የገባው ዮርዲ አልባ ነበር። በስም አጥቂ የሆነ ሰው ሁለቱም ላይ የለም።

የሚበላሸው የት ነው?

በብዛት የሚበላሸው ሁሉም ወደ ኳስ ሲመጣ ነው። ስድስት ሰው በ20 ሜትር ውስጥ ተከማችቶ ያቀባብላል፣ ማንም ተከላካይ አይነካም። ኳስ መሃል ሜዳ ላይ እያለች ሁልጊዜ ሁለት ተጫዋች ከተጋጣሚ የኋላ መስመር ትከሻ ለትከሻ እንዲቆም ሕግ ያውጡ።

ተሻጋሪ ኳስም አለ። ሳጥኑ ውስጥ ማንም ሳይኖር ከፍ አድርጎ ማሻገር ለበረኛው ስጦታ ነው፤ መሬት ለመሬት ወደ ፍፁም ቅጣት ምት ነጥቡ ይመለስ።

ኳስ በሌለበት ጊዜ ችግሩ ይብሳል። የተጋጣሚን የመሃል ተከላካዮች የሚጫን ከሌለ፣ ኳስ ይዘው እስከ መሃል ሜዳ በእግራቸው ይመጣሉ፤ ቡድኑ ሳጥኑ ደጅ ይዘጋበታል፣ ማዕዘን ምቱም ይበዛል። ስለዚህ ኳስ ሲጠፋ ወዲያው 4-4-2 ይሁኑ፤ ወራጁና አንድ አማካይ ፊት ይውጡ፣ ወራጁም ወደ ተከላካይ አማካያቸው የሚሄደውን መንገድ በሰውነቱ ይዝጋ። ኳስ ሲቀሙ ደግሞ ረጅሙን ወደ መሃል አይምቱ፤ የሚይዛት የለም። ወደ መስመሩ ጥግ ይሂድ።

ለባለሙያ ቡድን ያዋጣል?

ሮማና ስፔን መልሰውታል። ግን ሮማ ቶቲ ነበረው፤ በ2006-07 ይህ «አጥቂ ያልሆነ» ሰው 26 ግብ አስቆጥሮ የሴሪ አ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኗል። አሰላለፉን ዋናው የሚያከሽፈው ተጋጣሚ በሙሉ ወደ ሳጥኑ ሲያፈገፍግ ነው፤ ጀርባቸው ቦታ ከሌለ ሯጭ ወዴት ይሮጣል? ለዚህ ተቀያሪ ወንበር ላይ እውነተኛ 9 ቁጥር ይኑር። እስከ 60ኛው ደቂቃ ሯጮቹ ከተከላካዮች ጀርባ ሦስት ጊዜ እንኳ ካልደረሱ ያስገቡት። በ2012ቱ ፍጻሜ የስፔኑ አጥቂ ቶሬስ 75ኛው ደቂቃ ላይ ገብቶ 84ኛው ላይ አስቆጠረ፣ 88ኛው ላይ ለሁዋን ማታ አመቻቸ፤ ስፔን 4 ለ 0።