ጥፋተኛው ጥቁሩ ሳጥን ነበር

ኮሞዶር 64 የሚባለው አሮጌ ኮምፒውተሬ ሰሞኑን ሰማያዊውን ገጽ ትቶ ጥቁር ብቻ ማሳየት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ ማሽን ነውና «በቃው» ብዬ ነበር። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን ጠረጠርኩ። ምስኪን፣ ምንም አላጠፋም።

ከዚያ ፓወር ሰፕላዩን፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠውን ጥቁር ሳጥን፣ በቴስተር ለካሁት። 5 ቮልት መስጠት ያለበት መስመር 6.7 ይላል! የእነዚህ ሳጥኖች ክፉ ጠባይ ይሄ ነው። ቮልቱን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ሲያረጅ ቮልቱን ይለቀዋል፤ ዕዳውን የሚከፍሉት ሜሞሪ ቺፖቹ ናቸው። አሮጌ ኮሞዶር የገዛችሁ ሳትለኩ እንዳትሰኩ። ሳጥኑ ውስጡ በሙጫ የተሞላ ስለሆነ መጠገኑን ተውኩት። ምናለሽ ተራ ወርጄ ለሌላኛው መስመር ባለ 9 ቮልት ኤሲ ትራንስፎርመር አገኘሁ፤ ለ5 ቮልቱ ጥሩ ቻርጀር ጨመርኩ።

አሁንም ጥቁር። ስምንቱን ሜሞሪ ቺፖች በጣቴ ነካካሁ። አንዱ እንደ ምጣድ ይፋጃል! ፒያሳ ያሉ ሬዲዮ ጠጋኝ ነቅለው ሶኬት በየዱልኝ።

«ልጄ፣ ይሄን ከሙዚየም ነው ያወጣኸው?» አሉኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ የራሴ ነው።»

ቺፑን ከሌላ የሞተ ቦርድ ወሰድኩ። ማታ ስከፍተው ሰማያዊው ገጽ መጣ፤ 38911 ባይት ነፃ ነው ይላል። ጌም ልጭን ስል መብራት ሄደ።